ሽቦና ጎማ፦ ጥርስን የማቅናት ረጅም ሙግት

ጥር 12 ቀን የካ ሚካኤል ወደ መንበሩ ሲመለስ መንገዱ በሳቅ ይሞላል። ይጨፈራል፣ ሎሚ ይወረወራል፣ ጥርስ ይታያል። የእህቴ ልጅ ግን በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሃል የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ ላይ አላነሣችም። ዕድሜዋ 15 ነው፤ የላይኛው ክራንቻዋ ከሰልፉ ወጥቶ ድዷ ላይ ከፍ ብሎ በቅሏል። ማታ ቤት ስንገባ ስልኳን አቀበለችኝ። «ይዩት እስቲ ጋሼ፣ ሽቦ እኮ ድሮ ቀረ። ይቺን ነክሶ መተኛት ብቻ ነው» አለችኝ። በቴሌግራም የሚሸጥ፣ ቦክሰኞች ከሚነክሱት ብዙም የማይለይ ሰማያዊ የሲሊኮን ጎማ ነበር።

ያን ማታ የምላት ጠፋኝ። ነገሩን ተከታትዬ ሳነብ ግን ሙግቱ በቴሌግራም ዘመን የተጀመረ ሳይሆን ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሆኖ አገኘሁት።

በእኛ አገር ጥርስን ማሳመር የቆየ ነገር ነው፤ ማቅናት ግን የቅርብ ጊዜ ነው። እናቶቻችን ድዳቸውን የሚነቀሱት የጥርሳቸው ንጣት ጎልቶ እንዲወጣ ነበር። ጥርስ በወይራ መፋቂያ ይፋቃል፤ የሰልፉን ነገር ግን ማንም አይጠይቅም። እንዲያውም የፊት ጥርሶች መሃል ያለው ክፍተት፣ ፍንጭት፣ የቆንጆ ምልክት ነው። የውጭዎቹ የሕክምና መጻሕፍት ይኸንኑ ክፍተት ከሚታረሙ ነገሮች ጋር ይደምሩታል። እዚህ አገር ሽቦ የሚያሳስር ሰው «ፍንጭቴን እንዳትነካብኝ» ቢል ሐኪሙ ሊሰማው ይገባል ባይ ነኝ።

ጥርስ ለምን ይደራረባል? አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም የገባ ሰው በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን ያስታውሳል። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት ይህች እናታችን መንጋጋዋ ለከባድ ማኘክ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው መንጋጋ እያነሰ መጥቷል። ይሁንና በጥንት አዳኞች የራስ ቅል ላይም ቢሆን የተደራረበ ጥርስ እንደ ዛሬው የተለመደ አይደለም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሮበርት ኮሩቺኒ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከጠንካራ የገጠር ምግብ ወደ ለስላሳ የከተማ ምግብ በተሻገሩ ሕዝቦች ዘንድ የጥርስ መዛባት በአንድ ሁለት ትውልድ ውስጥ እንደሚበዛ አሳይቷል። የእንጦጦን ገብስ ቆሎ አድርጋ ስትቆረጥም ያደገችው አያቴና ለስላሳ ዳቦ በሻይ እየነከረች ያደገችው የእህቴ ልጅ መንጋጋቸው እኩል አልሠራም። የጎማው ሻጮች መነሻቸው ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ ነገሩን በጅምላ ውሸት ማለት አይቻልም።

ሕክምናው በጽሑፍ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1728 ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በዚያ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባለው ስስ ብረት ላይ ጥርሶቹን በክር እየጠፈሩ ወደ ቦታቸው ማምጣት እንደሚቻል ጻፈ። የዛሬው ሽቦ አባት ግን አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስ አገጣጠም ችግርን በሦስት መደብ ከፈለ፤ ሐኪሞች እስካሁን በእሱ አከፋፈል ይነጋገራሉ። አንግል ጥርስ መንቀልን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ካልቪን ኬዝ የተባለ የሙያ ባልደረባው «ቦታ ከሌለ መንቀል ግድ ነው» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1911 የአንግልን አቋም በአደባባይ ተቃወመ። አንግል ከሞተ በኋላ የገዛ ተማሪው ቻርልስ ትዊድ ወደ መንቀሉ ዞረ። ዛሬ «ሐኪሞች ጤነኛ ጥርስ ነቅለው ፊትን ያጠባሉ» የሚለው ክስ ሥሩ እዚህ ነው።

የጎማው ዘር ግን ከአውሮፓ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሮቤን እ.ኤ.አ. በ1902 የታችኛው መንጋጋቸው ወደ ኋላ ለቀረ ሕፃናት፣ መንጋጋውን ወደፊት ስቦ የሚይዝ አንድ ወጥ መሣሪያ ሠራ። ጥቂት ቆይቶ ዴንማርካዊው ቪጎ አንድሬሰን ለገዛ ልጁ ያደረገው ነገር በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ይተረካል። ለበጋ ዕረፍት ስትሄድ የታሰረላትን ሽቦ ፈታላትና፣ ጥርሷ እንዳይመለስ ማታ ማታ የምትነክሰው ልል መሣሪያ ሰጣት። ስትመለስ የአገጣጠሟ ለውጥ አስደነቀው። ከዚያ የተወለደው «አክቲቬተር» ጥርስን በቀጥታ ከመግፋት ይልቅ በማደግ ላይ ያለውን መንጋጋና ጡንቻውን የሚያሠራ ነበር። አሜሪካ ሽቦውን ይዛ ስትቀጥል አውሮፓ ወደዚህ ያዘነበለችው በሳይንስ ልዩነት ብቻ አልነበረም። የመንግሥት ሕክምና ብዙ ሕፃናትን በርካሽ ማዳረስ ነበረበት፤ ሽቦው የሚሠራበት ወርቅም እንደ ልብ አይገኝም፤ በናዚ ጀርመን ደግሞ ውድ ማዕድን ለጥርስ ሕክምና እንዳይውል ተከልክሎ ነበር።

ጎማው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 መጣ። አሜሪካዊው ሃሮልድ ኬስሊንግ ሽቦ የተፈታላቸውን ሰዎች ጥርስ በጄሶ ቀድቶ፣ በጄሶው ላይ ጥርሶቹን አስተካክሎ ደርድሮ፣ በዚያ ልክ የሚነከስ ጎማ አወጣ። ሥራው የቀረችውን ትንሽ ነገር መጨረስ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰውም ለብቻው ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1989 በኋላ አውስትራሊያዊው የጥርስ ሐኪም ክሪስ ፋረል ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን «ትሬይነር»፣ ኋላም «ማዮብሬስ» የተባለውን አስፋፋ። እሱም ቢሆን ለሚያድጉ ልጆች፣ በአፍንጫ ከመተንፈስና ከምላስ ልምምድ ጋር፣ ሐኪም እየተከታተለው ነው። የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ያየሁት የዚህ ቅጂ ነው። ልክ የተወሰደለት ሰው የለም፣ ሐኪምም የለበትም።

ከሽቦ ሐኪሞች ጋር በግልጽ የተጣሉትም አሉ። እንግሊዛዊው ጆን ሚው የጥርስ መደራረብ መነሻው በአፍ መተንፈስና የምላስ አቀማመጥ ነው፣ መንጋጋው ቢሰፋ መንቀል አያስፈልግም ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሞገተ። የአገሩ የጥርስ ሕክምና ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ከመዝገብ ሰረዘው፤ የእሱን መንገድ የተከተለው ልጁ ማይክ ሚውም እ.ኤ.አ. በ2024 ተሰረዘ። ወጣቶቻችን በቲክቶክ የሚያዩት ምላስን ላንቃ ላይ የመለጠፍ ልምምድ ስሙን ያገኘው ከእነሱ ነው። ሰዎቹ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነበር እላለሁ። መልሱን ግን በተመዘነ ማስረጃ አላቀረቡም፤ በሕፃን አፍ ላይ ያልተመዘነ ነገር መሞከር ደግሞ አይገባም።

ማስረጃው ምን ይላል? በአሜሪካና በብሪታንያ ልጆችን በዕጣ መድበው የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። መንጋጋን ወደፊት የሚስበው መሣሪያ የገጣጣን ጥርስ ይመልሳል፤ በጨዋታ ላይ ወድቆ የፊት ጥርስ የመሰበርን አደጋም ይቀንሳል። ግን በሰባትና በስምንት ዓመቱ የጀመረውና እስከ ጉርምስና የጠበቀው ልጅ መጨረሻ ላይ የሚደርሱበት ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የመንጋጋው ዕድገት ሲያበቃ ደግሞ የሚሳብ ዕድገት የለም። ለ30 ዓመት ሰው «መንጋጋህን ያሰፋል» ተብሎ የሚሸጥ ጎማ የሌለ ነገር ነው የሚሸጠው።

ጥርስ የሚንቀሳቀሰው አጥንት ፈርሶ አጥንት ሲሠራ ነው። ለስላሳ ግፊት ለብዙ ሰዓት ሲያርፍበት፣ በተገፋበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ በኋላው በኩል አዲስ ይገነባል፤ በወር 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ግፊቱ በቀን ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ያህል ካልቆየ ጥርሱ ይህ ነው የሚባል ንቅናቄ አያሳይም። ለሁሉም በአንድ ልክ የተሠራ ጎማ የሚጫነው ወጣ ያለውን ጥርስ ብቻ ነው፤ የዞረን ጥርስ መልሶ አያዞርም፣ ሥሩን አያንቀሳቅስም፣ ቦታ የሌለውን ክራንቻ ቦታ አይሰጠውም። ድዱ በታመመ ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ጥርሱን አነቃንቆ ሊተወው ይችላል።

አንድ የራሳችን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ግግ። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ያልበቀለ የወተት ክራንቻው ከድዱ ተፈልፍሎ ይወጣል። ከሥሩ የሚጠብቀው ቋሚው ጥርስ አብሮ ይጎዳል፤ ተበላሽቶ ይበቅላል ወይም ጭራሽ ይቀራል፣ ጎረቤቶቹም ይዛባሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ ሐኪሞች ይህንኑ ጠባሳ መዝግበዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ይቀጣል። ቢሆንም ድርጊቱ አልጠፋም። ጎማ ከመግዛት በፊት ይህን ማስቆም ብዙ ልጆችን ከመዛባት ያድናል።

ሽቦም ያለ ጥፋት አይደለም። በደንብ ካልተቦረሸ ጥርሱ ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል፤ ከተፈታ በኋላ መያዣ ካልተደረገ ጥርሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዋጋው የብዙ ቤተሰብ አቅም አይደለም፤ ባለሙያዎቹም ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም ከተማ ውስጥ ናቸው። ሰው ወደ ቴሌግራም የሚሮጠው ሞኝ ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በሽቦ ፈንታ የመጣው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ለብዙ ሰው ይሠራል፤ ግን ሐኪም ሲመራው ነው። በአሜሪካ ሽፋኑን በፖስታ ይልክ የነበረው ስማይል ዳይሬክት ክለብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሲዘጋ ሕክምናቸውን ያጋመሱ ደንበኞች ሜዳ ላይ ቀርተዋል።

የእህቴን ልጅ ራጅ አስነሣናት። ክራንቻዋ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ማንም ጎማ አይፈጥርለትም። መጀመሪያ ቦታ ይከፈታል፣ ከዚያ ሽቦ ይታሰራል፣ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ቤተሰቡ ገንዘቡን እያጠራቀመ ነው።

እናንተ በየካም ሆነ በሌላ ሰፈር የሰባት ዓመት ልጅ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሲተኛ እዩት። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ከሆነ፣ አውራ ጣቱን የሚጠባ ከሆነ፣ የወተት ጥርሱ ያለጊዜው ወልቆ ከሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ጎማውን ግን አትግዙለት።