ያልተቋጨ ሸማ ይፈታል
የልጆች የእጅ ሥራ በቤተ ክርስቲያን፣ ከታሪክ አንጻር

«ነገሩን እንቋጨው» ስንል ቃሉን የተዋስነው ከሸማ ነው። ነጠላው ወይም ጋቢው ተሸምኖ ሲወርድ የድሩ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያ ጫፍ ተከፋፍሎ፣ ተጠምዝዞና ተቋጥሮ ዘርፍ ይሆናል። መቋጨት ማለት ይህ ነው። ዘርፉ ያምራል፤ ሥራው ግን ማስጌጥ ብቻ አይደለም። ጫፉ ካልተያዘ ማጉ ከዳር ጀምሮ ይላላል፤ የተደከመበትም ሁሉ ቀስ በቀስ ይፈታል።

መጽሐፍ ቅዱስ የጨርቅን ጠርዝ እንደ ትንሽ ነገር አያልፈውም። በዘጸአት 28፥32 የሊቀ ካህናቱ ቀሚስ እንዳይቀደድ አንገትጌው ዙሪያውን በሽመና እንዲጠነክር ታዟል። በዘኁልቁ 15 እስራኤላውያን በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉ፣ እርሱንም ባዩ ቁጥር የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንዲያስቡ ተነግሯቸዋል። በዘጸአት 35 ደግሞ ሴቶች በእጃቸው ፈትለው ያመጣሉ፤ እግዚአብሔርም ባስልኤልንና ኤልያብን በጥበብ ሥራ ይሞላቸዋል። ልብ እንበል! የተሰጣቸው የመሥራት ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችን የማስተማር ልብም ጭምር እንጂ። በምዕራፍ 39 ሥራው ሁሉ ሲፈጸም ሙሴ ያየዋል፣ ሠራተኞቹንም ይባርካቸዋል።

የአገራችን ታሪክ ግን ለሸማኔው ይህን ክብር አልሰጠውም። አገሩን ያለበሰው ሰው ለዘመናት በሙያው ሲሰደብ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያሳያል። ከዚያም በኋላ መከራው በሌላ መልክ ቀጠለ። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ፣ ትምህርት ሳያገኙ በሽመና ጉድጓድ ዳር ቀናቸውን የጨረሱ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ስለዚህ በእኛ አገር ለልጅ ክር ስናስይዝ ይህን መዘንጋት የለብንም። በፊታችን ከተቀመጡት መካከል አባቱ ሸማኔ ስለ ሆነ የሚሸማቀቅ ልጅ ሊኖር ይችላል።

የእጅ ሥራ በልጆች አገልግሎት ውስጥ የቆየ ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. ኢላይዛ ሃውዝ የተባሉ የሐኪም ሚስት በኒው ዮርክ ከተማ በመንገድ ላይ የሚውሉ ልጆችን አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። ሌላ ቦታ ባለመገኘቱ የቢራ አዳራሽ ተከራይተው በበጋ ዕረፍት ልጆቹን ሰበሰቡ። ዝማሬ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ የቃል ጥናት፣ ጨዋታና የእጅ ሥራ በአንድነት ይሰጡ ነበር። በ1901 እ.ኤ.አ. ሮበርት ቦቪል ሐሳቡን ተቀብለው ወደ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አሰፉት። ዛሬ በብዙ አጥቢያዎቻችን በክረምት የምናካሂደው የልጆች ፕሮግራም ከዚያ ጋር ይመሳሰላል። የእጅ ሥራው ከጅምሩ የትምህርቱ አካል ነበር፤ ሰዓት ማሳለፊያ አልነበረም።

ታዲያ ልጆቹ በካርቶን ላይ ድር ወጥረው፣ ማጉን ከላይና ከታች እያሳለፉ ሸምነው ሲያበቁ፣ ብዙ ጊዜ የምንቸኩለው በመጨረሻው ቀን ነው። ወላጆች ሊመጡ ነው፣ ሰዓቱም አልቋል። አስተማሪዎች መቀሱን ይዘን በልጆቹ ፋንታ እንጨርሰዋለን፤ ወይም ሳይቋጭ ጠቅልለን እንሰጣቸዋለን። ሥራው ያምር ይሆናል፤ ልጁ ግን የራሱ መሆኑን አያምንም።

ስለዚህ ለመቋጨት ብቻ አንድ ሙሉ ቀን እንለይ። ድሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ አንቁረጠው። ሁለት ሁለቱን ክር ብቻ እየቆረጥን፣ ልጁ ከጨርቁ ጠርዝ አስጠግቶ ይቋጥረው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እንለፍ። በመሐል የተንጠለጠለውን የማግ ጫፍ በመርፌ ወደ ውስጥ ይመልሰው። ዘርፍ ከተፈለገ፣ ሁለቱን ክሮች ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ አክርሮ፣ አንድ ላይ ይዞ ወደ ተቃራኒው ይጠምዝዛቸው፤ ጫፋቸውንም ይቋጥር። ትንንሾቹን ትልልቆቹ ይርዷቸው። ቋጠሮው ቢጣመም ግድ የለም። ከተቻለ ከማኅበረ ምእመኑ መካከል ሸማኔ የሆነ አባት ወይም ጋቢ ስትቋጭ የኖረች እናት መጥተው ያስተምሩ። በሙያው ሲያፍር የኖረው ልጅ ያን ቀን ቀና ይላል።

በመጨረሻም ሙሴ እንዳደረገው እናድርግ፤ እያንዳንዱን ሥራ እንይ፣ ልጁንም በስሙ ጠርተን እንባርከው። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 1፥6 መልካሙን ሥራ የጀመረው ጌታ እንደሚፈጽመው ያረጋግጥልናል። እኛን ጀምሮ ያልተወን አምላክ፣ ልጆቻችንን በትዕግሥት እስከ መቋጫው የምናደርስበትን ጸጋ ይስጠን። አሜን።