ለነፍሰ ገዳይ ማዘን፦ ከ«ኤም» እስከ «ሳይኮ»

አርስቶትል ስለ ትራጄዲ ሲያስተምር፣ ፍጹም ክፉ ሰው ከተድላ ወደ መከራ ቢወድቅ በተመልካቹ ላይ አዘኔታም ሆነ ፍርሃት አያሳድርም ይላል። ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ይህን አስተያየት ይፈታተኑታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለት ፊልሞችን በማነጻጸር፣ ተመልካች ለሚጠየፈው ገጸ ባሕርይ በምን መንገድ እንደሚያዝንና አዘኔታው ምን እንደሚያስረሳው ለማሳየት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በጀርመን ያቀረበው «ኤም» ነው። ፒተር ሎሬ የሚጫወተው ሀንስ ቤከርት ሕፃናትን የሚገድል ሰው ነው። በፊልሙ መግቢያ ኤልሲ የተባለች ልጅ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ትቀራለች። ግድያውን አናይም፤ የምናየው ገበታ ላይ የቀረ ባዶ ሳህን፣ የሚንከባለል ኳስና ሽቦ ላይ የተጠላለፈ ፊኛ ነው። ታዲያ ለዚህ ሰው እንዴት እናዝናለን? ላንግ አዳኙን ወደ ታዳኝነት ይለውጠዋል። የፖሊስ አሰሳ ሥራቸውን ያወከባቸው ወንጀለኞች ቤከርትን ቀድመው ይይዙትና በተተወ የመጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ችሎት ያቆሙታል። እሱም ከውስጡ ከሚያሳድደው ኃይል ማምለጥ እንደማይችል እየጮኸ ይናገራል። ፈራጆቹ ራሳቸው ወንጀለኞች በመሆናቸው የእኛም የፈራጅነት ወንበር ይነቃነቃል።

ሁለተኛው አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው «ሳይኮ» ነው። ሮበርት ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ልብ ወለድ ኖርማን ቤትስ ወፍራም፣ መጠጥ የሚወድ ጎልማሳ ነው። በፊልሙ ግን አንቶኒ ፐርኪንስ ቀጭንና ዓይናፋር ወጣት አድርጎ ይጫወተዋል። ይሁን እንጂ ዋናው ዘዴ መልኩ ሳይሆን ሥራው ነው። ማሪዮን ክሬን ከተገደለች በኋላ ኖርማን ደሙን ይጠርጋል፤ ሬሳዋን መኪናዋ ውስጥ ይጭናል፤ መኪናውን ወደ ረግረግ ይገፋል። መኪናው ግማሹ ሰጥሞ ለአፍታ ቀጥ ይላል።

ፊልሙን ለተማሪዎቼ ባሳየሁ ቁጥር እዚህ ላይ የክፍሉ ትንፋሽ ሲያዝ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ በሐፍረት፣ «የሞተችው እሷ ናት፤ እኔ ግን መኪናው እንዲሰጥም ተመኘሁ» አለች። እኔም ተመልካቹ በዚያ ሰዓት ገዳዩ ኖርማን መሆኑን እንደማያውቅ፣ እናቱን የሚሸሽግ ልጅ አድርጎ እንደሚያየው ነገርኳት። መልሴ እውነት ነው፤ ጥያቄዋን ግን አልመለሰም። ተማሪዋ ኮፈኑ ውስጥ ያለችው ሴት መገደሏን ታውቅ ነበርና።

ዛሬ እንደምረዳው፣ አዘኔታ ፍርድ አይደለም። ሥራውንና ጭንቀቱን በቅርብ ከምንከታተለው ሰው ጋር ሳናስበው እንወግናለን። ስለዚህ አርስቶትል ፈጽሞ አልተሸነፈም፤ ፊልሞቹ ፍጹም ክፉ የሚመስለውን ሰው ፍርሃቱን በማሳየት ፍጹም ክፉ እንዳይመስለን ያደርጋሉ።

የሁለቱም ፍጻሜ ግን ሚዛኑን ይመልሳል። «ኤም» የሚያበቃው በልጆቻቸው ሐዘን በተቀመጡ እናቶች ነው። በ«ሳይኮ» የመጨረሻ ምስል ደግሞ ያ እንዲሰጥም የተመኘነው መኪና በሰንሰለት ከረግረጉ ይወጣል። በመሆኑም ተማሪዎቻችንን ልንጠይቃቸው የሚገባው «ለገዳዩ ለምን አዘናችሁ?» ብለን ሳይሆን፣ «ስታዝኑለት ማንን ረሳችሁ?» ብለን ይመስለኛል።