ካይሮ ላይ ያሸነፈው ማን ነው?

ታሪክን የሚሠራው ግለሰብ ነው ወይስ ሕዝብ? ይህ ክርክር በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ ስንት ሌሊት እንዳስነጋ ታላላቆቻችን ያውቁታል። ጥቅስ ሲወራወሩበት ኖረዋል። እኔ ግን ጥያቄውን ከመጻሕፍት አውጥቼ ወደ ሶዶ፣ ወደ ኳስ ሜዳ ልወስደው አስቤአለሁ። «ደግሞ ኳስ ታሪክ ሆነና!» የሚል አይጠፋም። ይበል። የአንድ አሰልጣኝ ድካም እንዴት እንደሚመዘገብና እንዴት እንደሚረሳ የተረዳ ሰው፣ የመምህሩና የግንበኛው ድካም እንዴት እንደሚረሳም አይጠፋውም።

ወላይታ ድቻ የተመሠረተው በ2001 ዓ.ም ነው። «ድቻ» በወላይትኛ እድገት ማለት ነው። ደጋፊው ግን ልጆቹን «የጦና ንቦች» ይላቸዋል። ጦና ማለት በ1887 ዓ.ም ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግቶ የተማረከው የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ፣ ካዎ ጦና ነው። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ አንድ ቡድን የተማረከ ንጉሥ ስም ይዞ ሜዳ ሲገባ አሰልጣኙ የሚቀበለው አደራ ከነጥብም ከዋንጫም ያልፋል። እንጀራው ግን በነጥብ ነው። ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ አደራውን የሚያስታውስለት የለም።

ይህን አደራ ለበርካታ ዓመታት የተሸከሙት አሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ ናቸው። ቡድኑ በ2005 ዓ.ም ወደ ፕሪምየር ሊግ ያደገው በእሳቸው ጊዜ ነው። ሊጉ ያን ጊዜ በአመዛኙ የአዲስ አበባ ክለቦች ቤት ነበር፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ኢትዮጵያ ቡና፣ መከላከያ፣ ደደቢት፣ ንግድ ባንክ፣ ኤሌክትሪክ። ከጀርባቸው ወይ ትልቅ መሥሪያ ቤት፣ ወይ የቆየ ስም አለ። ድቻ ምን ነበረው? የዞኑ ሕዝብና ጩኸቱ። የሜዳውን ጨዋታ እንኳ ሶዶ ላይ ሳይሆን በጎረቤት ከተማ በቦዲቲ ያደረገባቸው ጊዜያት ነበሩ። አዲስ ያደገ ቡድን በዓመቱ ተመልሶ ሲወርድ ስንቱን አይተናል! ድቻ አልወረደም። በዓመቱም፣ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ዓመት አልወረደም። ለእኔ የአሰልጣኝ መሳይ ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፤ አለመውረድ። ላለመውረድ ግን ዋንጫ አይሰጥም፣ ፎቶግራፍም አይነሡለትም። ስለዚህ ሲወራ አይሰማም።

ዋንጫውም ቢሆን መጣ። በ2009 ዓ.ም ድቻ መከላከያን በመለያ ምት አሸንፎ የኢትዮጵያ ዋንጫን ወሰደ። በዚሁም የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በር ተከፈተለት። በሩን የከፈቱት አሰልጣኝ ግን ገብተው አላዩትም። የ2010 ዓ.ም የሊግ ውድድር ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ሳለ ከክለቡ ጋር ተለያዩ። አሰልጣኝ ዘነበ ፍስሃ ተተኩ።

ቀጥሎ የሆነውን የሶዶ ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ድቻ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አንድ እኩል ወጥቶ፣ በመልሱ 1 ለ 0 አሸንፎ አለፈ። ከዚያ ማን መጣ? ዛማሌክ! የአፍሪካን የሻምፒዮኖች ዋንጫ አምስት ጊዜ የወሰደ የካይሮ ክለብ። የመጀመሪያው ጨዋታ በየካቲት 2010 ሐዋሳ ላይ ተደረገ፤ ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። በመጋቢት ካይሮ ላይ ዛማሌክ በተራው 2 ለ 1 አሸነፈ። ድምሩ ሦስት ለሦስት፣ ከሜዳ ውጭ የገባውም ጎል እኩል። ወደ መለያ ምት ተሄደና ድቻ 4 ለ 3 አሸንፎ አለፈ። ኢትዮጵያ ቡና በ1990 ዓ.ም አል አህሊን ከጣለ በኋላ የአገራችን ክለብ በግብጽ ታላላቆች ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ ብርቅ ነበር።

ታዲያ ያሸነፈው ማን ነው? አሰልጣኝ ዘነበ እንዳንል ቡድኑን ሲረከቡት ጥቂት ወራት ብቻ አልፈው ነበር። አሰልጣኝ መሳይ እንዳንል በዚያ ምሽት ወንበሩ ላይ አልነበሩም። ተጫዋቾቹ እንዳንል ያላሰለጠነ ማን አሰለጠናቸው? አንዳንዱ «ሁሉም ናቸው» ብሎ ይገላገላል። ይህ ግን ዳኝነት ሳይሆን ሽምግልና ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ አሰልጣኝ ዘነበ የሌላ ሰው ቡድን ተረክበው፣ በሊጉ የተቸገረውን ስብስብ ሳያፈርሱ ካይሮ ድረስ ማድረሳቸው ቀላል ሙያ አይደለም። ሆኖም የሚደርስ ቡድን እንዲኖር ያደረጉት የዓመታቱ ሰው ናቸው። እኛ የያዝነው የምሽቱን ውጤት ነው፤ የዓመታቱን ሥራ አልያዝነውም።

ለማነጻጸር ያህል፣ በጥር 1954 ዓ.ም ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል። ግን በአሰልጣኝነታቸው ብቻ ነው? ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ባይሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ባልተጠሩ ነበር ባይ ነኝ። አሰልጣኝ ብቻ ሆኖ የኖረ ሰው የሚጽፍለት የለውም።

የድቻ ጉዞ ከካይሮ ብዙም አልራቀም። የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ዳሬ ሰላም ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በሚያዝያ ሐዋሳ ላይ ድቻ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም አልበቃውም። ይኸው ሐዋሳ ከሁለት ወር በኋላ፣ በሰኔ 2010፣ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት የጠፋበት ከተማ ሆነ። የዚያን ዓመት የኳስ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህንን ዘሎ ቢያልፍ ግማሹን ብቻ ነው የሚጽፈው።

የታሪክ ክፍል ጓደኞቼ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋ እያላችሁ በየካፌው ታማርራላችሁ። በቦዲቲ ሜዳ ዳር ቆመው የጮኹት ሰዎች አሉ፤ ያን ጊዜ የተጫወቱትም ገና ጎልማሶች ናቸው። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።