ሲጋራና የሳንባ ካንሰር በእንግሊዝ አገር፤ ማስረጃው እንዴት እንደተገኘና ሥራው ስለ ምን እንደዘገየ

የአውሮጳን የጤና ጥበቃ ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ስለ ኮሌራ፥ ስለ ፈንጣጣና ስለ ቲቢ የተጻፈውን ነው። የእነዚህ በሽታዎች ታሪክ መልኩ የታወቀ ነው። በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ፤ ተሕዋሱም በውሃ ወይም በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ውሃው ሲጣራ፥ መኖሪያው ሲሻሻል፥ ክትባቱ ወይም መድኃኒቱ ሲገኝ በሽታው ይቀንሳል። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን የአውሮጳ ሐኪሞች ከዚህ የተለየ ነገር ገጠማቸው። ይኸውም ከማንም ሰው የማይጋባ፥ ነገር ግን ሰው በገዛ እጁና በገዛ ገንዘቡ ዕለት ዕለት ከሚፈጽመው ልማድ የሚመጣ በሽታ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን ለመመርመር እንሞክራለን። አንደኛው፥ ሲጋራ የሳንባ ካንሰርን እንደሚያመጣ በእንግሊዝ አገር የታወቀው በምን ዓይነት ምርምር ነው? የሚል ነው። ሁለተኛውም፥ ነገሩ ከታወቀ በኋላ በዕውቀቱ ለመሥራት ያን ያህል ዘመን የፈጀው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የችግሩ አመጣጥ

ትምባሆ ወደ አውሮጳ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን ሕዝቡ ይጠቀምበት የነበረው በፒፓ እያጤሰ፥ እያኘከ ወይም ሱረት እያደረገ ነበር። ሲጋራ ርካሽና የብዙ ሰው ዕቃ የሆነው በ1880ዎቹ ዓመታት የሲጋራ መጠቅለያ መኪና ወደ ፋብሪካዎች ከገባ በኋላ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ሲጋራ ለወታደሩ ከስንቁ ጋር ይታደል ስለ ነበር፥ ከጦር ሜዳ በሕይወት የተመለሰው ወጣት ልማዱን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። በ1948 በብሪታንያ ከመቶ ወንዶች 82ቱ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ትምባሆ ያጤሱ ነበር።

በዚያው ዘመን አንድ ሌላ ቁጥር ያድግ ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ በሳንባ ካንሰር የሞቱት ሰዎች በ1922 ዓ.ም. 612 ብቻ ነበሩ፤ በ1947 ግን 9,287 ደረሱ። በ25 ዓመት ውስጥ 15 እጥፍ ያህል አደገ ማለት ነው። አንዳንድ ሐኪሞች ይህ ጭማሪ የሚመስል እንጂ እውነተኛ አይደለም፤ ራጅ ስለተስፋፋ ቀድሞ ሳይታወቅ ይገድል የነበረው በሽታ ዛሬ በስሙ ተጠራ እንጂ፥ ይሉ ነበር። ጭማሪው እውነተኛ ነው የሚሉትም ቢሆኑ በምክንያቱ አልተስማሙም። አንዱ የአውቶሞቢልን ጭስ፥ ሌላው የመንገድ ሬንጅን፥ ሌላውም ከፋብሪካና ከየቤቱ የሚወጣውን የከሰል ጭስ ይጠረጥር ነበር። ሲጋራ ከብዙዎቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ብቻ ነበር። ሲጋራን መጠርጠር ያስቸገረበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ሁሉ ሰው የሚያደርገው ነገር የማንም በሽታ ምክንያት አይመስልም።

በጀርመን አገር የቀደመው ጥናት

ለእውነት ስንል ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመርመር የመጀመሪያዎቹ እንግሊዞች እንዳልነበሩ መግለጽ ይገባናል። በ1939 ፍራንዝ ሄርማን ሙለር የተባሉ የኮሎኝ ሐኪም፥ በ1943ም ሻይረርና ሾኒገር የተባሉ የየና ከተማ ተመራማሪዎች፥ የሳንባ ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች ካልያዛቸው ጋር አነጻጽረው ታማሚዎቹ አብዝተው የሚያጤሱ መሆናቸውን ጽፈዋል። ነገር ግን ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር፤ አገሪቱንም የሚገዛው የናዚ መንግሥት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በዚያ መንግሥት ዘመን የወጣውን የሕክምና ጽሑፍ ፈልጎ የሚያነብ ብዙ ሰው አልተገኘም። ከዚህ የምንረዳው፥ አንድ ዕውቀት እንዲሰማ እውነት መሆኑ ብቻ እንደማይበቃ፥ የተነገረበት ቦታና ጊዜም እንደሚወስነው ነው።

በሆስፒታል የተደረገው ጥያቄ

የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1947 ጉባኤ ሰብስቦ ነገሩ እንዲጠና ወሰነ። ሥራውን የያዙት በለንደን የንጽሕናና የሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ቤት የነበሩት ፕሮፌሰር ኦስቲን ብራድፎርድ ሂልና ከእርሳቸው ጋር በ1948 የተቀጠሩት ዶክተር ሪቻርድ ዶል ናቸው። ሂል በወጣትነታቸው ሐኪም ለመሆን አስበው ነበር። ነገር ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቲቢ ስለያዛቸው አሳባቸው ሳይፈጸም ቀረ። በሕመም ላይ ሳሉም ኤኮኖሚክስን በተልእኮ ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ስታቲስቲክስ አዘነበሉ። እንግዲህ በዘመኑ የሕክምናን አስተሳሰብ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ሐኪም ያልሆኑ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

የምርምሩ ዘዴ ቀላል ነው። በ20 የለንደን ሆስፒታሎች የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው ሲገባ ለተመራማሪዎቹ ይነገራቸዋል። ጠያቂዋ ሄዳ ስለ ኑሮው፥ ስለ ሥራው፥ ስለ መኖሪያው፥ ስለ ማጤሱም ትጠይቀዋለች። ከዚያም በዚያው ሆስፒታል በሌላ በሽታ የተኛ፥ በጾታና በዕድሜ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ሰው በዚያው ጥያቄ ትጠይቃለች። ዶል ራሳቸው በመጀመሪያ የጠረጠሩት የመንገዱን ሬንጅ ነበር። መልሱ እየተከማቸ ሲሄድ ግን ነገሩ ወደ ሲጋራ እንደሚያመለክት አዩ፤ ጥናቱም ሳይፈጸም እርሳቸው ራሳቸው ማጤስን ተዉ።

ውጤቱ በ1950 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። የሳንባ ካንሰር ከነበረባቸው 649 ወንዶች መካከል የማያጤሱ 2 ብቻ ነበሩ፤ ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት 649 ወንዶች መካከል ግን 27 ነበሩ። በቀን 25 ወይም ከዚያ በላይ ሲጋራ የሚያጤሱት፥ ከሚያጤሱት የካንሰር ታማሚዎች መካከል ከመቶ 26 ሲሆኑ በማነጻጸሪያው ወገን ከመቶ 13 ተኩል ነበሩ። በዚያው ዓመት በአሜሪካም ተመሳሳይ ጥናት ታትሞ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ጠያቂዋ ታማሚው የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ካወቀች ሳታስበው መልሱን ወደ ሲጋራ ልታዘነብለው ትችላለች፥ የሚል ትችት ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በጥያቄው ጊዜ የሳንባ ካንሰር አለባቸው ተብለው ተጠይቀው፥ በኋላ ምርመራው የተሳሳተ ሆኖ የተገኘባቸው ሰዎች ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች የማጤስ ልማድ ሲታይ የሚመሳሰለው ከካንሰር ታማሚዎቹ ጋር ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር ሆነ። የሐኪሞቹ ስሕተት ለጥናቱ ያልታሰበ ምስክር ሆነለት።

ወደ ፊት የሚመለከተው ጥናት

ይህም ሆኖ ብዙዎች አላመኑም። የታመመ ሰው ያለፈውን ልማዱን በትክክል አያስታውስም፥ አሉ። ስለዚህ ሂልና ዶል ዘዴውን ገለበጡት። ከታመመው ሰው ተነሥተው ወደ ኋላ ከመጠየቅ ይልቅ፥ ጤነኛውን ሰው አሁን ስለ ልማዱ ጠይቀው ወደ ፊት የሚሆነውን ለመከታተል ቈረጡ።

በ1951 ወደ 60,000 ለሚጠጉ የብሪታንያ ሐኪሞች አጭር መጠይቅ ላኩ፤ ከ40,000 በላይ የሆኑት መለሱ። ሐኪሞች የተመረጡበት ምክንያት ስማቸውና አድራሻቸው በመዝገብ ስለሚገኝ፥ ስለ ልማዳቸውም ጠንቅቀው ስለሚመልሱ ነው። በ1954 የመጀመሪያው ውጤት ወጣ። ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ወንዶች ሐኪሞች መካከል በ29 ወር ውስጥ 789 ሞተው ነበር፤ ከእነዚህም 36ቱ የሞቱት በሳንባ ካንሰር ነው። ከ36ቱ አንድም የማያጤስ አልነበረም፤ የሚጤሰው በበዛ መጠንም ሞቱ ይበዛ ነበር።

የፊሸር ተቃውሞ

ከተቃዋሚዎቹ ሁሉ ታላቁ የዘመናዊውን ስታቲስቲክስ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ የሆኑት ሮናልድ ፊሸር ናቸው። ፊሸር በ1957ና በ1958 ያሉት ነገር ይህ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አያሰኝም፤ ምናልባት በትውልድ የተገኘ አንድ ጠባይ ሰውዬውን ለማጤስም ለካንሰርም አዘጋጅቶት ይሆናል። ፊሸር የትምባሆ ፋብሪካዎች ማኅበር አማካሪ ነበሩ። ሆኖም ደመወዝ ተቀባይ ናቸው ብሎ ክርክሩን መጣል ለተማሪ አይገባም፤ ክርክሩ በክርክር መመዘን አለበት።

ስንመዝነውም ጐድሎ እናገኘዋለን። በመጀመሪያ፥ የአንድ ሕዝብ የትውልድ ጠባይ በ25 ዓመት ውስጥ ስለማይለወጥ የሞቱን 15 እጥፍ ማደግ ሊያስረዳ አይችልም። ሁለተኛም፥ ማጤስ የተዉት ሰዎች አደጋቸው ከማይተዉት ይልቅ አንሶ ተገኝቷል፤ በትውልድ የመጣ ነገር ቢሆን ኖሮ ሲጋራውን በመጣል ባልተለወጠም ነበር። ሂል በ1965 ባደረጉት ንግግር፥ አንድን ነገር የበሽታ ምክንያት ነው ለማለት ሊታዩ የሚገባቸውን 9 ነጥቦች ዘረዘሩ። በንግግራቸው ፍጻሜም የዕውቀታችን አለመሟላት ሥራን ለማዘግየት ምክንያት እንዳይሆን አሳሰቡ።

ሥራው ስለ ምን ዘገየ?

በ1954 የጤና ጥበቃው ሚኒስትር ኢየን ማክላውድ የጥናቱን ውጤት ለጋዜጠኞች ሲገልጹ ሲጋራ በላይ በላዩ ያጤሱ ነበር። ይህ የአንድ ሰው ነውር ብቻ ተደርጎ መቈጠር የለበትም። የዘመኑን ሁኔታ የሚያሳይ ነው። ሚኒስትሩ ያጤሳሉ፤ ጋዜጠኛው ያጤሳል፤ ሐኪሙም ያጤሳል። ከትምባሆ የሚገኘው ቀረጥ ከመንግሥቱ ገቢ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ፋብሪካዎቹም በዚያው ዓመት ለምርምር የሚውል 250,000 ፓውንድ ሰጡ። ስጦታው መልካም ቢመስልም፥ ነገሩ ገና በምርምር ላይ ነው ለሚል ሰው የተመቸ ምክንያት ነበር። ከዚህም በላይ፥ ሰው በገዛ ልማዱ ላይ ነፃ ነው፥ መንግሥት ምን አገባው? የሚል ክርክር ነበር። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ነፃ ምርጫ የሚባለው አደጋውን ዐውቆ የሚመርጥ ሰው ምርጫ ነው። በማስታወቂያ ተስቦ በልጅነቱ የጀመረና በኋላ ልተው ቢል ያቃተው ሰው መርጧል ለማለት ያስቸግራል።

ስለዚህ እርምጃው ቀስ በቀስ ሆነ። በ1957 የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ማጤስ የበሽታው ምክንያት መሆኑን አስታወቀ። በ1962 የለንደን የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ የተጻፈ ሪፖርት አወጣ። በ1965 የሲጋራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ተከለከለ። በ1971 በሲጋራው ፓኮ ላይ የማስጠንቀቂያ ቃል እንዲታተም ከፋብሪካዎቹ ጋር ስምምነት ተደረገ። በሥራ ቦታና በቡና ቤት ማጤስ የተከለከለው በአየርላንድ በ2004፥ በስኮትላንድ በ2006፥ በእንግሊዝም በ2007 ነው። ከ1950 እስከ 2007 ሲቈጠር 57 ዓመት ይሆናል።

የሐኪሞቹ ጥናት ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተቋረጠም። በ2004 የ50 ዓመቱ ውጤት ሲታተም፥ ከ1900 እስከ 1930 ከተወለዱት ሐኪሞች መካከል ማጤስ ያልተዉት ከማያጤሱት ይልቅ በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው መሞታቸው ታወቀ። በ60 ዓመቱ የተወ ሰው 3 ዓመት፥ በ50 የተወ 6 ዓመት፥ በ40 የተወ 9 ዓመት፥ በ30 የተወ ደግሞ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ ያተርፋል። ሂል በ1991 አርፈው ስለ ነበር ይህን አላዩም፤ ዶል ግን አይተውት በ2005 በ92 ዓመታቸው ዐረፉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቸል ልንለው የማይገባ አንድ ሌላ ነገር አለ። ከሁሉ ቀድመው ሲጋራን የተዉት ሐኪሞቹና ሌሎች የተማሩት ሰዎች ናቸው። ድኻውና ሠራተኛው ዘግይቶ ተወ፤ ዛሬም በብሪታንያ የማጤስ ልማድ ጸንቶ የሚገኘው በድኾቹ መካከል ነው። እንግዲህ ማስረጃው ለሁሉ እኩል ቢታተምም፥ ጥቅሙ ለሁሉ እኩል አልደረሰም።

ማጠቃለያ

ከላይ ካየነው ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ የበሽታን ምክንያት ለማወቅ የግድ በማጉያ መነጽር የሚታይ ተሕዋስ አያስፈልግም፤ በጥንቃቄ የተጠየቀ ጥያቄና በትክክል የተያዘ መዝገብ ታላቅ ማስረጃ ሊያስገኝ ይችላል። ሁለተኛ፥ ማስረጃ በራሱ እግር አይሄድም። ወደ ሕዝብ ቋንቋ የሚመልሰው፥ ወደ ሕግ የሚያደርሰው፥ ለድኻውም የሚያካፍለው ሰው ይፈልጋል።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ምርምሮች የተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት አባሎች በ2003 የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነትን አጸደቁ፤ ኢትዮጵያም በ2014 የስምምነቱ አባል ሆነች። በ2019 በወጣው አዋጅም በአገራችን የትምባሆ ማስታወቂያና ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጤስ ተከልክለዋል። እንግሊዞች 57 ዓመት የፈጀባቸውን መንገድ እኛ ማስረጃውን ሳንከፍልበት ተቀብለናል ማለት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ በእጃችን ነው። እርሱን ይዘን እሳቱ እስኪነድ ብንጠብቅ ግን ባለማወቃችን ልናመካኝ አንችልም።