ቀለህ የማይጣልበት ዘመን

ስለ ዓድዋ በተነሳ ቁጥር «ስንት ጠመንጃ ነበረን?» የሚለው ክርክር አያልቅም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ጥይቱስ ከየት ይመጣ ነበር?

ውጅግራን እንውሰድ። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። ከኋላ ይከፈታል፣ ይጎርሳል፣ ይተኮሳል፣ ባዶው ቀለህ ይወጣል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ ወደሚተኩሰው ለበን ሲዞሩ፣ አሮጌው ውጅግራ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ ጎረፈ።

ጥይቱ 25 ግራም እርሳስና ከ5 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ጥቁር ባሩድ ነው። እርሳስ በምድጃ እሳት ይቀልጣል። ባሩዱም ከጨው ፔተር፣ ከድኝና ከከሰል አገር ውስጥ ይቀመም ነበር። ስለዚህ የተተኮሰው ቀለህ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። የቤት ባሩድ ደካማ ነው፤ አንዳንዴም ይከሽፋል። ቢሆንም ባዶ ዝናር ከመታጠቅ ይሻላል! ጥይት እኮ ገበያ ላይ ከማርያ ቴሬዛ ብር በታች እንደ ዝርዝር ሳንቲም ያገለግል ነበር። በከንቱ የሚተኩስ ሰው ገንዘቡን ይበትናል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን በምድጃ አይሠራም፦ ከቀለሁ ግርጌ ያለችው፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትለቀው ትንሿ ቆብ። እሷ የፋብሪካ ሥራ ናት፤ የምትመጣውም በወደብ ነው። ምኒልክ ይህን በደንብ የገባቸው ይመስለኛል። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ጣሊያን እሳቸውን ለማባበል በዶክተር ትራቬርሲ እጅ 2 ሚሊዮን ጥይት ላከች። ጥይቱን ተቀበሉ፤ በዚያው ወር የውጫሌን ውል አፈረሱ። (ይህን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ።)

ጭስ አልባው ባሩድ ሲስፋፋ የምድጃው ጥበብ ዋጋ አጣ። አዲሱ ባሩድ አሲድና የኬሚስትሪ ፋብሪካ ይጠይቃል። ቆቧም ባሩዱም ከውጭ ሆኑ።

በሐምሌ 1927 ዓ.ም. እንግሊዝ ለኢትዮጵያም ለጣሊያንም የመሣሪያ መላኪያ ፈቃድ አልሰጥም አለች። «እኩል» ተባለ። ጣሊያን ጥይቷን እዚያው አገሯ ታመርታለች፤ እኛ ደግሞ ጅቡቲ ላይ ዓይናችንን ተክለን እንጠብቃለን። እገዳው በእኛ በኩል የተነሳው ወረራው ከጀመረ በኋላ፣ በጥቅምት ወር ነው።

በዚያ ጦርነት ከዘመቱት ውስጥ ዛሬም ውጅግራ የያዙ ነበሩ፤ ሞዴሉ ከወጣ 60 ዓመት አልፎታል። ይህን «ኋላቀርነት» ብለው የሚያልፉ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ሰውየው ቢያንስ የዚያን ጠመንጃ ቀለህ ራሱ መሙላት ይችል ነበር።