ከፎቶው ጀርባ ወደ ፋይሉ ውስጥ፦ የአራዳ ምስሎችና ተከታይ ጽሑፋቸው



የዛሬው ንግግሬ ስለ ፎቶግራፍ ሳይሆን ፎቶግራፍን ተከትሎ ስለሚሄደው ጽሑፍ ነው። ማን ተነሣ፣ የት፣ መቼ፣ ማንስ አነሣው? ይህ ጽሑፍ ከምስሉ በተለየ ዕለት ምስሉ ለታሪክ ጸሐፊ የሚሰጠው አገልግሎት እጅግ ያንሳል።

በአዲስ አበባ ሙያው በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ተጀመረ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም (በተለምዶ ቶኒ) ሙያውን ወርሰው ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፍ ወደ ሕዝቡ ወረደ፤ የፒያሳ ፎቶ ቤቶችም የሠርግ፣ የምረቃና የክርስትና ምስል ማንሻ ሆኑ። በዚህ ጊዜ መረጃው በሁለት ቦታ ይቀመጥ ነበር። አንደኛው የፎቶ ቤቱ መዝገብ፣ ሁለተኛው የፎቶው ጀርባ ነው፤ በጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያርፋል፣ ባለቤቱም «ለማስታወሻ» ብሎ ስምና ቀን ይጽፍበታል። መዝገቡ በአንድ ቤት፣ ፎቶው በብዙ ቤት ይኖራል። ፎቶ ቤት ሲዘጋ መዝገቡ አብሮ ይጠፋል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ግን ከቤተሰቡ ጋር ከሰፈር ሰፈር፣ አልፎም ባሕር ማዶ ይሻገራል።

የዛሬዎቹ የፎቶ ማደራጃ ሶፍትዌሮች ይህንኑ የቆየ ሁለትነት ወርሰዋል። እንደ ላይትሩምና ዲጂካም ያሉት ፕሮግራሞች የምንጽፈውን መግለጫ በቅድሚያ የሚያኖሩት በራሳቸው የመረጃ ቋት፣ ማለትም በመዝገቡ ነው። ለውጡ ወደ ፋይሉ የሚያልፈው ተጠቃሚው ሲያዝዝ ወይም በራሱ እንዲያልፍ አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው። ለጄፔግ ፋይል ጽሑፉ እዚያው ውስጥ ይገባል፤ የካሜራው ጥሬ ፋይል ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ አጠገቡ በሚቀመጥ አጃቢ ፋይል ይጻፋል። አጃቢውን ትቶ ምስሉን ብቻ የገለበጠ ሰው ጀርባው ባዶ የሆነ ፎቶ ወሰደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የፊደላችን ጉዳይ ይነሣል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኤግዚፍ ለመግለጫ የመደበው ቦታ ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው። ዓለም አቀፉ የፕሬስ ቴሌኮሙኒኬሽን ምክር ቤት በ1990ዎቹ ያወጣው ሥርዓት ደግሞ ለርእስ 64 ባይት ብቻ ይፈቅዳል። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። «ፒያሳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት» 21 ፊደልና 5 ክፍተት፣ በድምሩ 68 ባይት ነው፤ ወሰኑን አጥብቆ የሚያከብር ፕሮግራም «ፊት ለ» ላይ ይቆርጠዋል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አዶቢ በ2001 ያወጣው ኤክስኤምፒ በዩኒኮድ ስለሚጽፍ ለአማርኛ መግለጫ አስተማማኙ ማደሪያ እርሱ ነው።

ከፊደሉ የከፋው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ ነው። የፋሽስት ጦር በወረራው ዘመን አነሣው፤ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ። ስለዚህ ሐውልቱ የሌለበት የአደባባዩ ፎቶ ወይ ከ1923 በፊት፣ ወይ ከወረራው ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ባለሙያ የምረቃውን ፎቶ ጀርባ አንብቦ በቀን መስኩ 1923 ብሎ ቢያስገባ ሶፍትዌሩ የሚያነበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ ሐውልቱም ከመቆሙ 7 ዓመት አስቀድሞ ቆሞ ይገኛል። ስህተቱ በመዝገብ ብቻ ታርሞ ወደ ፋይሉ ካልተጻፈ ደግሞ ለሌላ ተቋም የተላከው ቅጂ የተሳሳተውን ቀን ይዞ ይዞራል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። «ከቤታችን በር ላይ» የሚል መግለጫ ትናንት በሩን ለሚያውቅ ይበቃ ነበር። አሁን የሰፈሩን የቆየ ስም፣ የመንገዱን አቅጣጫ፣ የጎረቤቱን ሱቅ መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያስታውሱት አረጋውያን ደግሞ ተበትነዋል። ቤተሰቦች ምስሎቻቸውን በስልክ አንሥተው በቴሌግራም ይላላካሉ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል በመንገድ ላይ ታምቆ ውስጣዊ መረጃው ይራገፋል። እንደ ፋይል ቢላክ ይሻላል። ከጉግል ፎቶስ ስብስቡን በጅምላ የሚያወርድ ሰውም በዚያ የጻፈው መግለጫ በተለየ የጄሰን ፋይል እንደሚመጣለት ይወቅ።

በመዝገቡና በፋይሉ መካከል ልዩነት ሲገኝ ላይትሩም የትኛው ይጽና ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን ለማሽኑ መተው፣ ወይም ሳያነቡ አንዱን መጫን፣ በእኔ ግምት ለቤተ መዛግብት ሠራተኛ የማይገባ ነው። በፎቶው ጀርባ የተጻፈው፣ ስህተቱ ጭምር፣ ቃል በቃል በመግለጫው መስክ ይገልበጥ፤ የጀርባው ምስልም አብሮ ይነሣ። በጎርጎርዮስ የተሰላው ቀን በቀን መስኩ ይግባ፤ ያሰላው ሰው ስምም በአጠገቡ ይጻፍ።