ዝናቡ ላይ፣ ጎርፉ ታች

ክረምት ለሁላችንም አንድ አይደለም። ቢሾፍቱ ላይ ጃኬት የሚያስለብሰው ሐምሌ፣ አዋሽን ተከትሎ አፋር ለሚወርድ ሰው የወበቅ ወር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ውኃው ነው።

ታሪኩን እናስታውስ። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ ሞልቶ ሕዝቡን ከእንቅልፉ ወሰደው፤ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ሳይቆይ፣ በነሐሴ፣ ኦሞ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ጨረሰ።

እኛስ? የቢሾፍቱና የሞጆ ዝናብ በሞጆ ወንዝ በኩል ቆቃ ይገባል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለመብራት የተሠራው የቆቃ ግድብ ጎርፍም ይይዝልን ነበር፤ ከደጋው ማሳ የታጠበው ደለል ግን ከፊል ቦታውን ወስዶበታል። ግድቡ ሲሞላ ውኃ ይለቀቃል፤ የሚቀበሉት ወንጂና ከዚያ በታች ያሉት ናቸው።

ስለዚህ የቆላ ሰው የራሱን ሰማይ ብቻ አይቶ አይድንም። ደጋው ላይ ሲዘንብ ወደ ታች የሚደውል ሰው ያስፈልገዋል። እርከንም የሚሠራው ለደጋው ማሳ ብቻ አይደለም፤ ታች ለተኛው ሰው ሕይወት ጭምር ነው።